ዓባይ ያልተጫወታቸው ጨዋታዎች

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለልዑልቃል፤

ያን ሁሉ በረሃ አሳልፎ ለንደን ያስገባህ አምላክ ስሙ ይመስገን። እኛ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነን።

ሰላምታው ይብቃንና ወደ ጭንቄ ልግባ። መድረስህን ለእህቴ ለጸዳለ ነገርኳት። መናገር አልነበረብኝም፤ ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። "ልዑልቃል ከደረሰ ልጄ ዓባይም ደርሷል!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታችን ሸዋረጋ፣ ያቺ ከለቅሶም ከሠርግም የማትጠፋው፣ ጫማዋን ሳታደርግ እየሮጠች መጣች።

ዓባይን በእጄ የቀበርኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። በዚያ በምርጫው ግርግር፣ ጥቅምት 23 ቀን 1998፣ ጥይት አገኘው። በማግስቱ አስከሬኑን ተቀብዬ ከሦስት ሰዎች ጋር ደብራችን ግቢ ውስጥ አሳረፍኩት። እናቱ ያን ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ "ድንጋጤ እንዳይነካት" አለኝ። እኔም "ዓባይ ከልዑልቃል ጋር በሞያሌ ወጥቷል" አልኳት። እስክትጠነክር ብዬ ነበር። እሷ ጠነከረች፤ መርዶውን የሚነግር ወንድ ግን ጠፋ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ።

አሁን ደብዳቤ ትፈልጋለች። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አንተም ታውቃለህ፤ በሩቅ አገር ሰው እጅ ተጽፎ የሚመጣ ሞት ነውር ነው። ስልክም አይሆንም፤ ድምፁን አሰሙኝ ትለናለች። ስለዚህ በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀት ላክ። አንዱን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ፊደል እንደማትለይ ታውቃለህ። ሁለተኛው ለእኔ ብቻ። ዓባይ ለንደን ነው እንዳትል! የሸዋረጋ እህት እዚያው ሃክኒ የሚሉት ሰፈር ናት፤ በሳምንቱ ታጋልጠናለች። ሐበሻ የማይደርስበት አገር ፈልግለት። ቢበዛ እስከ መስቀል ነው፤ እስከዚያ መንገዱን አገኝለታለሁ።

አጎትህ ዓለምሰገድ


ለንደን፣ አርችዌይ፣ ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

(ጮክ ተብሎ የሚነበብ)

ለምወድዎ ለእትዬ ጸዳለ፤

ከሩቅም ቢሆን ጉልበትዎን ስሜ፣ ምርቃትዎን ለምኜ እጀምራለሁ። ዓባይ ደህና ነው። ከለንደን ባሕር ተሻግሮ፣ ባስክ የሚባል ሕዝብ አገር ገብቶ ቢልባኦ የምትባል ከተማ ይኖራል። እዚያ ፔሎታ የሚሉት ጨዋታ አለ። ኳሱ ከድንጋይ ብዙ አይለይም፤ በባዶ መዳፍ ከግድግዳ ጋር ያላትሙታል። ቀድሞ ሃያ ሁለት ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። ለዚህ ደመወዝ ይከፍላሉ እትዬ! የጣውላ መጋዘኑን ግድግዳ በኳስ ሲደበድብ "ራሴን አዞርከው" እያሉ ያባርሩት አልነበር? ባስኮቹ አይተው "ይህስ የኛው ልጅ ነው" አሉና ነጭ ሱሪ አልብሰው ቀይ መቀነት አስታጠቁት።

ራሱ የማይጽፍልዎ እጁ አብጦ ብዕር አልይዝ ስላለው ነው። በስልክ እየነገረኝ እኔ እጽፍልዎታለሁ።

(ለጋሼ ብቻ)

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ክሮይደን፣ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሄጄ ኢንተርቪው አድርጌ የመኖሪያ ወረቀት ሰጥተውኛል። ከአገር ቤት በቀር የትም ያስኬዳል። እዚህ አርችዌይ አጠገብ የባስኮች ማኅበር አዳራሽ አጸዳለሁ። ውስጡ የዚህ ጨዋታ ግድግዳ አለ። አንቾን የሚባል ሰማንያ ዓመት የሞላው ጠባቂ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ያያል። ደብዳቤውን ስጽፍ እኔም ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር።

ስለዚያ ቀን የማውቀውን አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ። አደባባዩ ጋ ተለያየን፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። እባክዎ ደግመው አይጠይቁኝ።

ልዑልቃል


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ልዑልቃል፤

ክረምቱ ከነዝናቡ ከነጭቃው ደህና ይዞናል፤ አንተንም ብርድ አያግኝህ።

አራት ጊዜ አስነበበችኝ። "ያ ግድግዳ መደብደብ እንጀራ ሆነለት?" እያለች እስክታለቅስ ሳቀች። በሕመሟ ጊዜ ከከሳው ፊቷ ላይ እንዲህ ያለ ሳቅ ካየሁ ቆይቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቆጣሪ አንብቤ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ ውሸት አንባቢ ሆንኩልህ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እግሯ ስለሚደክም ጥዱ ሥር ታርፋለች። ከዓባይ መቃብር ስድስት እርምጃ ነው። ስም አልጻፍኩበትም፤ ዙሪያውን ብሎኬት ደርድሬበት ነው የቀረው። እዚያ ተቀምጣ ለሸዋረጋ የልጇን ጨዋታ ትተርካለች፤ መዳፏን እያነሣች በአየር ላይ ትመታለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል። ባለፈው እሁድ ጠበል ጠጥታ የተረፋትን "መሬት ላይ በከንቱ አይፍሰስ፣ የማን እንደሆነ እንጃ እንጂ ሰው ተኝቶበታል" ብላ ብሎኬቱ ላይ ደፋችው። እኔ ሄጄ ከግንቡ ጀርባ አለቀስኩ።

ቶሎ ጻፍ። ማሸነፉን መስማት ትፈልጋለች።

አጎትህ


ለንደን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2000 ዓ.ም.

(ጮክ ተብሎ የሚነበብ)

እትዬ ጸዳለ፣ መጪውን ገና በጤና በደስታ ይዋሉልን።

ዓባይ አሸነፈ! ሃያ ሁለት ለአሥራ አራት! ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ይቆማል። እሱ የኋላ ሰው ነው፤ የፊተኛው ያመለጠውን ሁሉ የሚመልስ እሱ ነው። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ተጫዋቾቹ ኳሳቸውን ይመርጣሉ። አንድ በአንድ እያነጠሩ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ልክ እርስዎ ሐብሐብ ሲገዙ በጣትዎ መታ መታ እንደሚያደርጉት። ዓባይ ሁለት መረጠ። ከተማው ሁሉ "ጥቁሩ መዳፍ" እያለ ይጠራዋል።

(ለጋሼ ብቻ)

ጋሼ፣ እጁ እንዴት እንደሚያብጥ በትክክል ለመጻፍ ብዬ ማለዳ ወለሉን ከወለወልኩ በኋላ ኳሱን መምታት ጀመርኩ። በሳምንቱ መዳፌ እንደ ዳቦ አበጠ። አንቾን አየኝና "እጅህን መሬት ላይ ዘርጋ" አለኝ። ዘረጋሁ። ከነጫማው ቆመበት! ዱሮ ተጫዋቾች እብጠቱን የሚያወርዱት እንዲህ ነው አለኝ። ጮኼ ነበር፤ እውነትም እብጠቱ ጎደለ።

ሌላም ነገር አለ፤ እብድ ይሉኛል። ብቻዬን ስመታ ያመለጠኝ ኳስ ከኋላዬ ይመለሳል። የኋላ ግድግዳ ስላለ ነጥሮ ነው እላለሁ። ግን ግድግዳ ሲመታና መዳፍ ሲመታ ድምፁ ይለያል፤ አሁን ለይቼ አውቀዋለሁ። ዞሬ አላይም።

ልዑልቃል


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልዑልቃል፤

እንደ ልማዴ የምርቃት መዓት አላዘንብልህም። ዕድሜ ይስጥህ፣ ይኸው።

ከዚያ ወዲህ የላክሃቸውን ሦስቱንም አነበብኩላት። እኔ ግን ሳልመልስልህ ዓመት ከመንፈቅ ዝም አልኩ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። አንድ ነገር በልቤ ይዤ ኖሬያለሁ፤ እየቆየ ከበደኝ።

አስከሬኑን ስቀበል ዓባይ በጃኬት ተጠቅልሎ ነበር። ሰማያዊ፣ የቀኝ ኪሱ በነጭ ክር የተጠቀመ። ያን ኪስ የጠቀመችልህ ጸዳለ ናት። የአንተ ጃኬት ነው። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ደግሞ "ጥይቱ ሳይሆን የፈሰሰው ደም ነው የገደለው፤ ቶሎ ቢደርስ ይተርፍ ነበር" አለኝ። አንተ አደባባዩ ጋ ተለያየን ትላለህ። ጃኬትህ ታዲያ ማን ጋ ሄደ?

ጃኬቱን አጥቤ ሣጥኔ ውስጥ ደብቄዋለሁ። በውሸቱ አብሬህ አለሁበት፤ ፈራጅ አይደለሁም። ግን በወረቀት ላይ ላልነበረ ሰው ነጥብ ስትቆጥር ለነበረው ሰው አንድ መስመር መቼ ትጽፋለህ?

እሷ ፎቶግራፍ ላክ ብላለች። በቀይ መቀነቱ።

ዓለምሰገድ


ለንደን፣ መጋቢት 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

(ጮክ ተብሎ የሚነበብ)

እትዬ ጸዳለ፣ ጾሙ እንዳይጎዳዎ አደራ፤ ሐኪም የሰጠዎትን እንዳይተዉ።

ዓባይ የጥንዶቹን ዋንጫ በላ። ፎቶግራፉን ልኬያለሁ፤ ኳስ ሲመታ ከጀርባው ነው የተነሣው። ፊቱን ካሜራ አይይዘውም፣ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ነው። እነዚህ ሰዎች እስከ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ይጫወታሉ፤ ከዚያ በጭብጨባ ይሸኟቸዋል።

(ለጋሼ ብቻ)

ስለ ጃኬቱ፣ ብርድ ነበር። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው አዳራሹ ለጨዋታ የመጣ የማላውቀው ጥቁር ሰው ነው።

ጋሼ፣ ባለፈው ወር አንቾን ምን አለኝ መሰልዎ? "ያ ከኋላህ የሚጫወተው ሰውዬ ማነው? ጥሩ እጅ አለው" አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ እኮ! ዓይኑ ደካማ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተምታቶበት ይሆናል። "ወንድሜ ነው" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። "ለምን ሻይ አይጠጣም ታዲያ?" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሻይ ያቀርባል። ሁለተኛውን እኔ እጠጣዋለሁ፤ አንዴም ትኩስ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሥራውን ልተወው አስባለሁ። ግን እዚያ ካልሄድኩ ምን እጽፍላታለሁ?

ልዑልቃል


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልዑልቃል፤

ደህና ነህ ወይ? እኛ አለን። ሁለት ዓመት ሙሉ "ስለ ጃኬቱ ሌላ ጊዜ" ያልከውን ስጠብቅ ቆየሁ፤ አንተ ነጥብ ብቻ ትልካለህ።

ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። እናት የልጇን ማጅራት ትስተዋለች ብዬ አላስብም፤ ጉዳችን ፈላ አልኩ። በመጨረሻ "ወፍሯል" አለች። ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

አሁን ስማኝ፤ ቸግሮናል። ዓባይ ሠላሳ አራት ሞልቶታል። "ሠላሳ አምስት ላይ ይሸኟቸዋል" ብለህ የጻፍከውን አልረሳችም፤ ጣቷን አጥፋ ትቆጥራለች። የጓሮውን ክፍል ኖራ አስቀብታለች፤ አልጋ ገዝታለች። "በክብር ከተሸኘ ወዲያ እዚያ ምን ይሠራል?" ትላለች። ምነው አንተ፣ ሥራ ስትሰጠው ቄስ ብታደርገው! ቄስ በዕድሜ አይሸኝም። ከዓለም ሥራ ሁሉ መርጠህ ቶሎ የሚያልቀውን ሰጠኸው።

ይህ አልበቃ ብሎ ደብሩ ማስታወቂያ ለጥፏል። ቦታ ስለጠበበ፣ ሰባት ዓመት የሞላቸውና ባለቤት ያልቀረበላቸው መቃብሮች በመጪው ኅዳር ይነሣሉ፤ ቤተሰብ ያለው ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ስም ያስመዝግብ ይላል። ስሙን ባስመዘግብ በማግስቱ ትሰማለች፤ እዚያ የማያውቃት ሰው የለም። ባላስመዘግብ አጥንቱ ይነሣል።

አንተ ደግሞ የእንግሊዝ ፓስፖርት እንዳገኘህ ጽፈሃል። እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ መምጣት የሚከለክልህ ምንድን ነው?

ዓለምሰገድ


ለንደን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

(ለጋሼ ብቻ። የሚነበብ ወረቀት አልላክሁም።)

የማከብርዎ ጋሼ፤

ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ብዙ አሰብኩበት። አንድ መንገድ አለ። ዓባይ ቢልባኦ ላይ ይሙት። የመኪና አደጋ ይሁን። ከጨዋታ ሲመለስ፣ አሸንፎ። ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ቀበረው፣ ቀይ መቀነቱን ሣጥኑ ላይ አደረጉለት ብዬ እጽፋለሁ። ልጄ በክብር ሞተ ብላ ታለቅሳለች፤ ታላቅ ሰው ነበር ትላለች። መንገድ ዳር ደሙ ሲፈስ ከምታስበው ይሄ አይሻልም? ለመቃብሩ በሌላ ሰው ስም ያስመዝግቡ።

እሺ ይበሉኝ ጋሼ። ፓስፖርቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አየር መንገዱን ሁለት ጊዜ ቼክ አድርጌ ትቼዋለሁ። ዓይኗን ማየት አልችልም።

ልዑልቃል


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልዑልቃል!

ሁለተኛ ልግደለው? አንዴ የቀበርኩት አይበቃም? ደግሞ የማን ልጅ አጥንት አድርጌ ነው የማስመዘግበው?

ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በየትኛው ቀን ነው የሚሞትልህ? ሰኔ? ሐምሌ? ስሙ በጸሎት የሚጠራው፣ ነዳያን የሚበሉት ባልሞተበት ቀን ይሁን? ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ብቻዬን ጥቅምት 23 ለቄሱ ክርስትና ስሙን በጆሮ ሹክ እያልኩ ስሙን አስጠርቻለሁ። አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም። እናቱ ያን ቀን ከገበያ ስትመለስ "የት ነበርክ?" ትለኛለች።

"ለእሷ ብዬ" አትበለኝ። ለእሷ ብለን የጀመርነው እውነት ነው። አሁን ግን ውሸቱ የሚጠብቀው አንተን ነው፣ እኔንም ነው። በሰባተኛ ዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ማለዳ፣ መርዶውን እነግራታለሁ። ከመጣህ ከጎኔ ቁም። ካልመጣህም እነግራታለሁ።

ዓለምሰገድ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልዑልቃል፤

እግዚአብሔር ያጽናህ፤ እኛንም አጽንቶናል። አልመጣህም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

የነፍስ አባቷን፣ የዕድሩን ዳኛና ሸዋረጋን ይዤ ገና ሳይነጋጋ በሯን አንኳኳሁ። ከፍታ አራታችንን ስታይ ሁሉ ነገር ገባት። "ማን?" አለች። "ዓባይ" አልኩ። "መቼ?" አለች። ቄሱ "ዛሬ ሰባት ዓመት" አሉላት።

አልጮኸችም። "የት ነው ያለው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ያ ጠበል የደፋሁበት?" አለችና ያኔ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት በዕድሜዬ አልሰማሁም። ከዚያ እኔን በጥፊ መታችኝ። እሰይ፤ ይገባኛል። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ የቀለለኝ ነገር የለም።

ድንኳን ተተከለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሸዋረጋ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ታውቃታለህ፤ የሰማችውን ሁሉ ታወርዳለች። "ጥቁሩ መዳፍ፣ የባስክን ግድግዳ ያፈረስከው፣ ሃያ ሁለት ለአሥር ጥለህ የገባኸው!" እያለች። ሰው ሁሉ ደረቱን ይደቃል። ውሸት ነው ብዬ ላስቆማት ተነሣሁ። ጸዳለ ከፍራሹ ላይ ቀና አለችና "ለአሥራ አራት ነው" አለቻት። ሸዋረጋ "ለአሥራ አራት!" ብላ ቀጠለች። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን "ታውቂ ነበር እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳት። "አንዳንድ ቀን አውቅ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አላውቅም ነበር" አለች። ስሙ ተመዝግቧል፤ ድንጋይም ይቀረጽለታል።

ጃኬቱን አሳየኋት። ኪሱን በጣቷ ዳሰሰችው። "ልዑልቃል ራሱ ይጻፍልኝ። አንድ ወረቀት ብቻ" ብላለች።

ዓለምሰገድ


ለንደን፣ ኅዳር 27 ቀን 2005 ዓ.ም.

እትዬ ጸዳለ፤

በምን ልጀምር? ምርቃት የመለመን አፍ የለኝም። ጋሼ ይህን ሲያነቡልዎ አንድም ቃል እንዳይዘሉ እለምናቸዋለሁ።

አደባባዩ ጋ አልተለያየንም። አብረን ነበርን። ተኩስ ሲከፈት እጁን ይዤው ሮጥኩ። ዓባይ "ተመታሁ መሰለኝ" አለኝ፤ እንደ ቀልድ ነው ያለው። ጭኑ ላይ ነበር። ወደ አንድ ቅያስ ደግፌ አስገባሁትና የሰው ግቢ በር ሥር አስቀመጥኩት። በሩን ደበደብኩ፤ አልከፈቱልኝም፤ ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጃኬቴን አለበስኩት። "መኪና ይዤ መጣሁ" አልኩት። "ቶሎ በል" አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። ስለ እርስዎም አላነሣም፤ እንደምመለስ እርግጠኛ ነበር።

ቅያሱን ስወጣ አንድ ላዳ አገኘሁ። ሹፌሩ በሩን ከፈተልኝና "ግባ! ብቻህን ነህ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ይኸው ነው እትዬ። ከኋላችን ተኩሱ እየቀረበ ነበር። ሁለት ነን ብዬ ብነግረው ሹፌሩ ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። ላይሄድ ይችል ነበር፤ ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም። እንግባና እነግረዋለሁ አልኩ። ከገባሁ በኋላ መንገዱ ሲያልፍ፣ አሁን ስነግረው ምን ይለኛል አልኩ። ከዚያ ሩቅ ደረስን። በማግስቱ ወደ ሞያሌ ተሳፈርኩ። ከሞያሌ፣ ከናይሮቢ ልደውል እችል ነበር። አልደወልኩም። መሞቱን ከጋሼ እስክሰማ ድረስ በየቀኑ "ሰው አግኝቶ አንሥቶት ይሆናል" እል ነበር። ሞቱን ስሰማ ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው።

ዋንጫውን ሁሉ የሰጠሁት የወሰድኩበትን ለመመለስ ብዬ ነው። ኳስ አምልጦኝ ከኋላዬ ሲመልስልኝ እሰማዋለሁ ብል ያምኑኝ ይሆን? አንዴም አልተቀየመኝም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔን የሚጠላኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ልዑልቃል


አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልዑልቃል፤

ይህን የማስጽፈው እኔ ጸዳለ ነኝ። የሚጽፈው ዓለምሰገድ ነው፤ ከራሱ አንድ ነገር ቢጨምር ወዮለት ብዬዋለሁ። ምርቃት አትጠብቅ።

ወረቀትህ የደረሰ ቀን ረገምኩህ። ሦስት ቀን ረገምኩህ። የጡት ልጄ ባትሆንም ያጎረስኩህን እጄን ረገምኩት። በአራተኛው ቀን ደከመኝ። አሁንም ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ብል ከአፌ ነው። "ቶሎ በል" ያለውን ግን ስለጻፍክልኝ ደግ አደረግህ። ድምፁን ሰማሁት። ያ የልጄ አነጋገር ነው። በዚያ ሁሉ የባስክ ወሬህ ውስጥ እሱ አንድም ቀን እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

ፎቶግራፉን አውርጄዋለሁ። ያ ሰውዬ እናት ይኖረዋል፤ ለእሷ ስል አልቀደድኩትም። ዋንጫውን ለማንም አስተባብዬ አልተናገርኩም። ሸዋረጋ ታውራ፣ ምን ይጎዳኛል።

አንድ የምልህ ነገር አለኝ። ወንድምህ ሞቶ ለቅሶ አልደረስክም። የዕድሩ ሰዎች ድንኳናቸውን በሦስተኛው ቀን ነቅለው ወሰዱ፤ የነሱ ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ፍራሹን ግን ከመሬት አላነሣሁም። ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ዓለምሰገድ ወገቡን አሞት እየተነጫነጨ እዚሁ ተቀምጦ ይጽፋል። ሸዋረጋ "ኧረ እትዬ ጸዳለ፣ ሰው ምን ይላል፣ ቤቱ ይጠረግ" ትለኛለች። ቆይ፣ ያልመጣ አንድ ለቀስተኛ አለኝ እላታለሁ።

አክስትህ ጸዳለ